ጉልበታችሁን ለኋላ ቆጥቡ፦ ባለቤቴን ከኮማ እስከ ቤት ሳስታምም ያየሁት

ባለቤቴ ጭንቅላት ውስጥ የተገኘው እጢ ሜኒንጂዮማ ይባላል። ከአንጎል ሽፋን ላይ የሚነሳ፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ያልሆነ እጢ ነው። "ካንሰር አይመስልም" ስንባል እልል ማለት ነበር የቀረን። ሐኪሙ ግን "ቦታው ግራ በኩል ነው፤ ንግግርንና ቀኝ እጅን ከሚያዘው ክፍል አጠገብ" ብሎ ጨመረበት። ያቺን ቃል ማንም ልብ አላላትም።

ከዚያ በፊት ለወራት ራሱን ያመው ነበር። ሳይነስ ነው ተባለ፣ ማይግሬን ነው ተባለ፣ መነጽር ተቀየረ። አንድ ቀን ሥራ ቦታው ላይ ወድቆ ሲያንቀጠቅጠው ነው ሲቲ ስካን የታዘዘው፤ ቀጥሎም ኤምአርአይ። የሚጥል በሽታ ኖሮት የማያውቅ ትልቅ ሰው ድንገት እንዲህ ከወደቀ "ደክሞት ነው፣ ቁርስ ሳይበላ ወጥቶ ነው" ብላችሁ አትለፉት። ጭንቅላቱ ይታይ።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ካደረግናቸው ነገሮች ሁሉ የጠቀመን ውክልናው ነው። ሐሳቡን ያመጣው ታላቅ ወንድሙ ነው። እኔማ ተቆጥቼ ነበር፤ "ጋሼ፣ ምን ያሟርቱብናል?" ብዬዋለሁ። እሱ ግን ጆሮ ሳይሰጠኝ ሁለታችንንም ውልና ማስረጃ ወስዶ አስጨረሰን። የባለቤቴ ደመወዝ የሚገባው በራሱ በባለቤቴ ስም ባለው ሂሳብ ነው፤ የቤት ኪራዩም የሚከፈለው ከዚያው ነው። በኋላ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) በር ላይ የተዋወቅኳት አንዲት ሴት ባሏ በድንገት ስለወደቀ ምንም አልተዘጋጁም ነበር። ብራቸው ባንክ ተቀምጦ እሷ ለመድኃኒት ትበደራለች፤ ጠዋት ፍርድ ቤት፣ ከሰዓት ሆስፒታል ስትመላለስ ከሳች። ስለዚህ ቀጠሮ የተያዘለት ኦፕሬሽን ከሆነ ውክልናውን፣ የስልኩን መክፈቻ ቁጥር፣ የቴሌብሩንና የባንኩን ጉዳይ አስቀድማችሁ ጨርሱ። ደም የሚሰጡ ዘመዶችንም ቀድማችሁ አዘጋጁ። ሟርት አይደለም።

ቀዶ ሕክምናው ረጅም ነበር፤ በሰላም አለቀ ተባልን። ማታ ዓይኑን ገልጦ አይቶኛል። ሌሊት ላይ ግን ውስጥ ደም ፈሰሰ፣ አንጎሉም አበጠ። ተመልሶ ኦፕሬሽን ክፍል ገባ። ከዚያ ሲወጣ በቬንትሌተር፣ በመተንፈሻ ማሽን፣ ነበር የሚተነፍሰው። አልነቃም።

አይሲዩ በር ላይ የቆመ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ጥያቄ ነው ያለው፤ "መቼ ይነቃል?" ማንም ሐኪም ይህን በቀን ቆርጦ ሊነግራችሁ አይችልም፤ ቆርጦ የሚነግራችሁ ካለም እሱን አትመኑት። መልስ ያላቸውን ጥያቄዎች ጠይቁ። የመጀመሪያው፣ "አሁን የሚያስተኛ መድኃኒት እየወሰደ ነው?" የሚለው ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንጎል እንዲያርፍና ከማሽኑ ጋር እንዳይታገል ብለው ራሳቸው ያስተኙታል። እኛ ግን "ዛሬም አልነቃም" እያልን ለዘመድ እየደወልን እናለቅሳለን። መድኃኒቱ ገና አልተቋረጠም እኮ! መቼ እንደሚቀንሱለት፣ ከቀነሱ በኋላስ ምን እንደሚጠብቁ ጠይቁ።

ሁለተኛው ስለ ቁጥሩ ነው። ሐኪሞቹ እርስ በርስ "ጂሲኤስ ስንት ነው?" ሲባባሉ ትሰማላችሁ። የግላስጎው ኮማ መለኪያ ማለታቸው ነው፤ በ1974 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ውስጥ የወጣ ነው። ዓይን ከ4፣ ንግግር ከ5፣ እንቅስቃሴ ከ6 ይያዝና ይደመራል። ዝቅተኛው 3፣ ሙሉው 15 ነው። ዜሮ የሚባል የለም፤ ስለዚህ "ሦስት አገኘ" ሲባል ደስ አይበላችሁ። በሌላ በኩል አፉ ውስጥ ቱቦ ያለበት ሰው መናገር ስለማይችል የንግግሩን ነጥብ አያገኝም። ድምሩ ዝቅ ያለው በቱቦው ምክንያት ሊሆን ይችላል። ድምሩን ብቻ ይዛችሁ ከመጨነቅ "እንቅስቃሴው ስንት ሆነ?" ብላችሁ ለብቻው ጠይቁ። ለእኛ ተስፋም ስጋትም የነበረችው እሷ ቁጥር ነች።

እጅ መጨበጥን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ። የባለቤቴ እህት አንድ ቀን ከአይሲዩ እየሮጠች ወጣች፤ "ጨበጠኝ! አወቀኝ!" ቤቱ ሁሉ ተደዋወለ፣ አማቴ ስለት ተሳሉ። ተረኛዋ ሲስተር ቀስ ብላ ወደ ጎን ወሰደችኝና አስረዳችኝ። መዳፍ ውስጥ ጣት ስታስገቢበት ራሱን የማያውቅ ሰውም ሊጨብጥ ይችላል፤ እጁ ሳያስብ የሚያደርገው ነው። "ልቀቀኝ ስትይው ከለቀቀ፣ ወይ አውራ ጣትህን አሳየኝ ብለሽ ካሳየ ያኔ ጥሪኝ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ የእኔ ሥራ ይሄ ሆነ። በገባሁ ቁጥር ጆሮው ጋ ጠጋ ብዬ ስሜን እናገራለሁ፣ ያለበትን እነግረዋለሁ፣ አውራ ጣቱን እጠይቀዋለሁ። መልስ ለመስጠት ጊዜ ስለሚፈልጉ አትቻኮሉ። እኔ በሆዴ እስከ ሃያ እቆጥር ነበር።

ሐኪም የሚያናግረው አንድ ሰው ይሁን። እኛ ቤት ጋሼ ነበር። አምስት ዘመድ አምስት ሐኪም ጠይቆ አምስት ዓይነት ወሬ ይዞ ሲመጣ ማን ይችለዋል? እኔ ደግሞ ደብተር ያዝኩ። ትኩሳት መቼ እንደነበረው፣ የትኛው መድኃኒት ከውጭ እንደተገዛ፣ ምን እንደተቀየረ፣ ሁሉንም በቀን በቀኑ ጻፍኩ። ሐኪሞቹ ይቀያየራሉ፣ ደብተሩ ግን እዚያው ነው። ወር ሳይሞላ ተረኛ ሐኪም ደብተሬን ተውሶ ሲያነብ አይቻለሁ።

ቬንትሌተሩ ሲቆይ አንገቱ ላይ በስተው ቱቦ ሊያስገቡለት ፊርማ ጠየቁን። ቤተሰቡ ተረበሸ፤ "ጉሮሮውን ሊቀዱት ነው" ተባለ። ብዙውን ጊዜ ጊዜያዊ ነው፤ ከአፉ ቱቦውን ስለሚያወጣለት አክታውን መጥረግም ከማሽኑ ማላቀቅም ይቀላል። አሁን የቀረው ትንሽ ጠባሳ ብቻ ነው። ሸሚዝ ሲቆልፍ አይታይም።

ወደ ዋርድ፣ ወደ ተራው የሕሙማን ክፍል፣ ሲወጣ ሥራው የእኛ ሆነ። በአገራችን ሆስፒታል አስታማሚ ማለት ግማሽ ነርስ ማለት ነው። በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ አለባችሁ፤ ሌሊትም ጭምር። ቁስል የሚጀምረው ተረከዝ፣ መቀመጫ አጥንትና የጭንቅላት ኋላ ላይ ነው። ቆዳው ቀልቶ ስትጫኑት ካልነጣ ቁስሉ መጀመሩ ነውና ለነርሷ ንገሩ። አቅም ካለ በነፋስ የሚሞላውን ፍራሽ ግዙ፤ ፍራሹ ቢኖርም ግን ማገላበጡ አይቀርም። በቱቦ ስትመግቡት ራስጌው ቀና ይበል፤ ከበላም በኋላ ቶሎ አታስተኙት። ፊዚዮቴራፒስቱ ሲመጣ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ አትዩ። ቁርጭምጭሚቱንና ጣቶቹን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ ከጎኑ ሆናችሁ ተማሩ፤ እሱ ከሄደ በኋላ ቀኑን ሙሉ የምትደግሙት እናንተ ናችሁ።

ስለ ጸበሉም ላንሳ፤ ብዙ ቤት የሚያጣላ ነገር ስለሆነ። አማቴ በአፉ ጠብ ሊያደርጉለት ፈለጉ። መዋጥ የማይችል ሰው አፍ ውስጥ የገባ ውኃ፣ ጸበልም ይሁን ሾርባ፣ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል፤ ከዚያ የሚመጣው የሳንባ ምች ደግሞ ሊገድል ይችላል። እኔ ብናገር ምራት ተቃወመች ነው የሚባለው። የነፍስ አባታችንን ጠራኋቸው። "እማማ፣ ግንባሩን ይቀቡት፤ እግዚአብሔር በግንባሩም ይሰማል" አሏቸው። አለቀ። የምትፈሩት ነገር ካለ አማታችሁ የሚሰሙትን ሰው ፈልጉ። በኋላም "መድኃኒቱን አቁሞ ይጠመቅ" ያሉን ነበሩ። የሚጥለውን የሚከላከለው መድኃኒት በድንገት ከቆመ ሕመሙ ብሶ ሊመለስ ይችላል። ሁለቱን አብሮ ማድረግ ይቻላል፣ እኛም እንደዚያው አደረግን።

መንቃት እንደ መብራት ቦግ የሚል ነገር አይደለም። ፊልም ላይ ሰውየው ዓይኑን ይገልጣል፣ ሚስቱን በስሟ ይጠራል፣ ሁሉም ያለቅሳል። ባለቤቴ ዓይኑን ከገለጠ በኋላ ለብዙ ቀናት ወደ ማንም አላየም። ዓይኑ ክፍት ነው፣ እሱ የለም። ከኮማው ይልቅ አንጀቴን የበላኝ ያ ጊዜ ነው። ከዚያ ዓይኑ ሰው መከተል ጀመረ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ጥፍሩን እየቆረጥኩለት፣ ከልምድ የተነሳ "እስቲ አውራ ጣትህን" አልኩት። የግራ አውራ ጣቱ ከብርድ ልብሱ ላይ ቀስ ብላ ተነሳች። "ዝቅ አድርግ" ስለው ዝቅ አደረጋት። ጥፍር መቁረጫውን የት እንደጣልኩት አላውቅም። ሲስተሯ እስክትመጣ እየደጋገምኩ አሠራሁት፤ እሷ ፊት እምቢ እንዳይል ፈርቼ።

ቀጥሎ የመጣውን ማንም አልነገረኝም ነበር። እየነቃ ሲሄድ ኃይለኛ ሆነ። ቱቦውን ይነቅላል፣ ይማታል፤ በሕይወቱ ክፉ ቃል ያልወጣው ሰው ሲስተሮቹን ይሳደባል። ያለው ሐዋሳ መስሎታል፤ እኔን እህቱ አድርጎኛል። ይህ ከንቃት ደረጃዎች አንዱ ነው፣ ብዙ ጊዜም ያልፋል። አትከራከሩት። "ሐዋሳ አይደለም!" ብላችሁ ስትጮኹ ይብሳል። በቀስታ "ሆስፒታል ነህ፣ ራስህን አሞህ ነበር፣ እኔ አለሁ" በሉት። ክፍሉ ውስጥ ሰው ይቀነስ፣ ቴሌቪዥን ይጥፋ። ጠያቂ ሲበዛ ማታ ላይ የሚያብደው እሱ፣ የሚደበደበው አስታማሚው ነው።

ንግግሩ ሲመለስ ሁሉም ነገር "ቁልፍ" ሆነ። ውኃ ሲፈልግ ቁልፍ፣ ሽንት ሲመጣበት ቁልፍ፣ ልጃችንም ቁልፍ። የምንለውን በአብዛኛው ይረዳል፤ ቃሉ ግን አይመጣለትም፤ ስላልመጣለትም ይናደዳል። አፌዥያ ይባላል። አእምሮው ተነካ ማለት አይደለም፤ ፊቱ ላይ እንደ ሕፃን አታውሩለት። የገረመኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ ውኃ ማለት ያልቻለ ሰው "አባታችን ሆይ"ን ከዳር እስከ ዳር አወጣው። አማቴ ሲጀምሩለት እሱ ጨረሰ። ሀ ሁ ሂም እንደዚሁ እንደ ቄስ ተማሪ ይወርድለታል። በቃል የተያዘ ነገር፣ ጸሎት፣ መዝሙር፣ ቁጥር፣ ከተራ ንግግር ቀድሞ ሊመለስ ይችላል። የንግግር ቴራፒስት ማግኘት አዲስ አበባም ውስጥ ቀላል አይደለም፤ እስክናገኝ ድረስ በእሱ ጀመርን። እስከ ሰባት ይቆጥርና "ስንት ልጅ ነው ያለን?" እለዋለሁ። "አንድ፣ ሁለት" ብሎ ሁለት ላይ ይቆማል። አዎ፣ ሁለት ናቸው።

ከሆስፒታል የወጣን ቀን ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር። ዳቦ ተቆረሰ፣ ቡና ተፈላ። ሁሉም "እንኳን ለዚህ አበቃሽ" ብሎኝ ወጣ። ከዚያ ሳምንት በኋላ ስልኬ ዝም አለ። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ታሪኩ ያለቀ ስለመሰለው ነው። ገንዘቡም ጉልበቱም ለኮማው ጊዜ ፈሷል፤ እኔ ደግሞ አሁን ነው አንድ ትልቅ ሰው አንሥቼ ሽንት ቤት የምወስደው። አሁን አይሲዩ በር ላይ ያላችሁ ስሙኝ፤ ሁላችሁም አንድ ላይ አትደሩ። ተራ ያዙ፣ ተኙ። ከሚዋጣው ብርም ለቤት የሚሆን አስቀምጡ፤ ፊዚዮቴራፒው፣ ታክሲው፣ ዳይፐሩ ገና ነው።

ቤት ውስጥ ያደረግናቸው ነገሮች ቀላል ናቸው። መታጠቢያ ቤት የፕላስቲክ ወንበር ገባ፣ ግድግዳው ላይ የብረት መያዣ ተገጠመ፣ ምንጣፉ ተነሳ። ለመዋጥ ቀጭን ነገር ከወፍራም ይልቅ ያስቸግራል፤ ውኃ ሲያስለው ወፈር ያለ አጥሚት በደህና ይወርድለት ነበር። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ አገጩን ዝቅ አድርጎ፣ በትንሽ በትንሹ። ቀኝ እጁና ትከሻው ስለደከመ በዚያ እጅ ተስቦ መነሳት የለበትም፤ ትከሻው ሊወልቅ ይችላል። የእኛ ሰው ግን ሲሰናበት ሁሉ ቀኝ እጅ ይዞ ካልሳበ ፍቅሩ አይወጣለትም። እኔ በር ላይ ቆሜ ስከላከል ስድ ሳልባል አልቀረሁም።

ትልቁ ሥቃይ መሶቡ ላይ ነበር። በግራ እጁ መብላት ነበረበት። ብቻችንን ስንሆን ይበላል፤ እንግዳ ካለ "ጠግቤያለሁ" ብሎ እጁን ይሰበስባል። አንድ ሽማግሌ ዘመድ በቅንነት "በቀኝህ እንጂ ልጄ" ሲሉት ሰሃኑን ገፍቶ ተነሳ። ከዚያ ወዲያ ሁላችንም በየሰሃናችን በሹካና በማንኪያ መብላት ጀመርን፤ እንግዳም ሲመጣ እንደዚያው። እንጀራ በሹካ ሲበላ ያስቃል፣ ይሁን። ትንሿ ልጄ ደግሞ መላውን አገኘችው፤ "አባዬ አጉርሰኝ" ትለዋለች፣ በግራው ያጎርሳታል።

ጠባዩም ተለውጧል፤ ይህን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ድሮ ቀልደኛ ነበር፤ አሁን ዝምተኛ ነው፣ በትንሹ ይናደዳል። ካልነገሩት ከወንበሩ አይነሳም። ዘመድ "ሰነፈ" ይለዋል። ስንፍና አይደለም፤ "ተነሥ" የሚለው የአንጎል ክፍል ነው የተጎዳው። "ና ጫማህን አድርግ፣ ሱቅ እንሂድ" ስትሉት ይሄዳል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት። ጠዋት ይሻለዋልና ከባዱን ነገር ጠዋት አድርጉት፤ ከሰዓት በኋላ ይተኛ። መኪና ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ የለም፤ ቁልፉን ጋሼ ይዞ ሄደ። ስልክ ላይ "ሽልማት ደርሶዎታል" ለሚሉ አጭበርባሪዎችም ቀላል ሲሳይ ሆኖ ነበር፤ የባንኩን መተግበሪያ ከስልኩ አነሣን።

ሥራውን በሚመለከት፣ የግል ድርጅት ተቀጣሪ ከሆነ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ ናቸው። የሐኪም ወረቀቱን ቶሎ አስገቡ፤ ግልባጩን ያዙ። ዕቅዳችሁን በሙሉ ደመወዝ ላይ አትሥሩ፤ ወሩ ሳታውቁት ያልቃል።

ስለ ራሴ ብዙ አልልም። "ዕድለኛ ነሽ፣ ተረፈልሽ" ይሉኛል። ልክ ናቸው። ግን ያገባሁት ሰው በከፊል ናፍቆኛል፣ እሱ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጦ ቡና ይጠጣል። ይህን ለማን ትነግሪያለሽ? ለቅሶ አይቀመጥበት ነገር። እዚያ አይሲዩ በር ላይ ላወቅኳት ሴት ነው የምደውለው፤ እሷ ሳላስረዳት ይገባታል። ከዚያ በር ስትወጡ የአንድ ሰው ስልክ ይዛችሁ ውጡ።

አሁን ባለቤቴ በወንድሙ ሱቅ ግማሽ ቀን ይውላል። ይራመዳል፣ በቀኝ እግሩ ትንሽ እየጎተተ። ስም ይጠፋበታል፣ በተለይ ሲደክመው። መድኃኒቱን ይወስዳል፤ እጢው ተመልሶ እንደሆነ ለማየት የኤምአርአይ ክትትሉም አለ።

ለመጠየቅ የምታስቡ ደግሞ፣ ሆስፒታል ብርቱካን ይዛችሁ የምትመጡት፣ እግዜር ይስጥልን። ግን በአራተኛው ወር ኑ። ብርቱካኑን ተዉትና አንድ ከሰዓት ከእሱ ጋር ቁጭ በሉ፤ ሚስቱ ወጥታ ጸጉሯን ትሠራ፣ ወይ ሌላ ክፍል ገብታ ትተኛ። ወሬ ካጣችሁ ዳማ ተጫወቱ። በግራው ይጫወታል፣ ያሸንፋችኋልም።